«ቫይታሚን ምን ይጎዳል?»

የማታ ተረኛ፦ ትናንት እዚህ «ሰርፋክታንቱ (ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደ ልጅ ሳንባው እንዳይጣበቅ የሚሰጠው መድኃኒት) ውስጥ ቫይታሚን ኤ ጨምሮ ለጨቅላው ሳንባ መስጠት ነው፤ ቫይታሚን ምን ይጎዳል?» የሚል አነበብኩ። አንጀቴ አረረ። ኪሎ የማይሞላ ልጅ በየትንፋሹ እያቃሰተ ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጎድ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። እኛ ጋ ሰርፋክታንቱ ራሱ የለም!

ዳዊት ዘሜሪላንድ፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አሁንም እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ በ807 ጨቅላዎች ላይ የተሠራው ጥናት ወጥቷል። ቫይታሚን ኤ ከተወጉት የሞቱት ወይም የሳንባ ሕመም የጸናባቸው 55 በመቶ፣ ካልተወጉት 62። ከመቶ ሰባት ልጅ ትንሽ ነው?

የማታ ተረኛ፦ ራስህ «ከተወጉት» አልክ! ጡንቻ ላይ፣ በሳምንት 3 ጊዜ፣ ለ4 ሳምንት። ጭኑ አውራ ጣቴን ለሚያህል ልጅ 12 መርፌ። ሞት ላይ ደግሞ ልዩነቱ ኢምንት ነበር። ምን ይጎዳል ላልከው፣ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ እርግብግቢቱ ይወጠራል።

አቤል ፋርማ፦ የሰርፋክታንት ሥራ ልጁ ሲያስተነፍስ የአየር ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ ማድረግ ነው። የቀላቀልከው ነገር ይህን ቢያበላሽስ? ቡዴሶናይድ የሚባል የሳንባ ብግነት ማብረጃ ተቀላቅሎበት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ውጤት ሁሉንም አስጎምጅቶ ነበር፤ በ2024 ከ1,000 በላይ ሕፃናት ላይ ሲታይ ግን ጥቅም አልተገኘም።

ዳዊት ዘሜሪላንድ፦ ቡዴሶናይድ ስቴሮይድ ነው፣ አታምታታ።

እመቤት፦ ይቅርታ፣ ኩሮሰርፍ የሚባለው ሰርፋክታንት ከአሳማ ሳንባ እንደሚሠራ ለእናትየው ይነገራታል?

ኡሙ ሰልማን፦ ሌላው ሰርፋክታንት፣ ሰርቫንታ፣ ከከብት ነው። ደግሞ የልጅ ነፍስ ተይዞ ይሄ ይነሳል?

እመቤት፦ አይሰጥ አላልኩም እህቴ! ይነገራት ነው ያልኩት።

የማታ ተረኛ፦ ወደ ጉዳያችን። በ5 የአገራችን ሆስፒታሎች በተደረገው ጥናት፣ ቀናቸው ሳይደርስ ተወልደው ከሞቱት 45 በመቶውን የገደለው ይኸው የመተንፈስ ችግር ነው። ሲፓፕ (በአፍንጫ አየር እየገፋ ሳንባን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ) ይሟላልን። ምጥ ቀድሞ ለመጣባት እናት የልጁን ሳንባ የሚያጠነክረው መርፌ፣ ዴክሳሜታዞን፣ በሰዓቱ ይሰጣት። ልጁ እናቱ ደረት ላይ ይታቀፍ።

ዳዊት ዘሜሪላንድ፦ ድሃ ስለሆንን አዲስ ነገር አይሞከርልን?

የማታ ተረኛ፦ ይሞከር፤ በመጀመሪያ ግን ሌላው ዓለም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መስጠት የጀመረው መድኃኒት ይድረሰን!

አቤል ፋርማ፦ ዳዊት፣ ቫይታሚን ኤ በ2024ም ከ900 በላይ ጨቅላዎች ላይ በከፍተኛ መጠን ታይቶ ለውጥ አላመጣም።

ዳዊት ዘሜሪላንድ፦ እሱ በአፍ ነው የተሰጠው። ሳንባ ውስጥ ይሰጥ ነው የምለው እኮ!