የጆተኒው ዕቅድ፦ ለገላን ጉራ ልጆች፣ እስከ ገና

ጸሐፊ፦ መዋጮው 41 ሺህ ብር ደርሷል። ሐሳቡ ያው ነው። በፈረሰው ሰፈራችን በዶሮ ማነቂያ (ፒያሳ) የነበረውን የሚመስል ጆተኒ፣ ያው የጠረጴዛ ኳስ፣ በእጃችን ሠርተን ከሰፈሩ ተነስተው ገላን ጉራ ላሉት ልጆች እናስቀምጣለን። ስምንት ብረት፣ 22 ተጫዋች። ዋጋ ያጠናችሁ ጻፉ።

አናጺው፦ ሣጥኑን እኔ እሠራለሁ። የእጅ አልጠይቅም። ቺፑድ እንዳትገዙ፣ ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ አንድ ክረምት አይወጣም። ወፍራም ኮምፔንሳቶ ይሁን። ተጫዋቾቹን ቶርኖ ቤት እናስወጣለን። ቀለማቸው ምንድን ነው?

የሪያዱ፦ ይሄማ ምን ጥያቄ አለው? ጊዮርጊስና ቡና።

የሜሪላንዱ፦ አይሆንም። የድሮው ቀይና ሰማያዊ ነበር። የሰማያዊው በረኛ እግሩ ተሰብሮ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ታስሮ ነበር። እሱን ካልመሰለ የኛ ጆተኒ አይደለም።

የሪያዱ፦ ጊዮርጊስ በ1928 የተመሠረተው እዛው አራዳ ነው። የሰፈራችን ክለብ ነው። ቀይና ሰማያዊ የማን ነው?

ቡናማው፦ ግማሹ ሰፈር ቡና ነው፣ እንዳትረሳ።

አናጺው፦ በሁለቱም ማሊያ ቢጫ አለ። ጣት በምታክል እንጨት ላይ ማታ በአምፖል አይለይም። የኳስ ጨዋታ ሳይሆን ጭቅጭቅ ነው የሚሆነው።

የሪያዱ፦ ከቡና ላይ ቢጫው ይነሳ። ቡናማ ብቻ ይቀቡ።

ቡናማው፦ ለምን ከኛ? ከናንተ አይነሳም? እንዲህ ከሆነ የኔን 3 ሺህ መልሱልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ የገባ ብር አይመለስም። ስምንቱን ቱቦ ብረት ከመርካቶ ገዝቻለሁ፣ 9,600 ብር። ደረሰኙ አለ።

ቡናማው፦ ማን ግዛ አለህ? ቀለም እንኳን ሳንስማማ!

ገንዘብ ያዥ፦ ብረትና ቀለም ምን አገናኘው? በሳምንቱ ዋጋው ጨምሯል። ስድብ ከሆነ ቁልፉን ተረከቡኝ።

እማማ፦ ልጆቼ፣ እኔ እዚሁ ገላን ጉራ ነኝ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው ደረጃ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። በስማም፣ በቀለም ትጣላላችሁ? ምንም ሳትቀቡት አምጡት።

ቡናማው፦ እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ገንዘብ ያዥ፣ አንተም ይቅር በለኝ። ተናድጄ ነው።

የሜሪላንዱ፦ እማማ እውነትዎን ነው። እኔ ግን ያ ጆተኒ ሕልሜ ውስጥ ይመጣል። አንዱ እግሩ አጭር ስለነበር ኳሷ ሁሌ ወደ ግድግዳው በኩል ታደላ ነበር። ካርቶን አጥፈን ከሥሩ እንወትፍ ነበር። ብረቱ ሲይዝ ሻማ እንቀባዋለን። ማሽከርከር ክልክል ነው፣ ያሽከረከረ ተራውን ያጣል። ሰፈሩ ሲፈርስ የት እንደገባ እንኳን ያየ የለም።

ቡናማው፦ አንድ ሐሳብ አለኝ። ውድድር እናድርግ። ያሸነፈ ቀለሙን ይምረጥ።

የሪያዱ፦ በምን ጆተኒ?

ቡናማው፦ በኪራይ። ለአንድ ቀን።

የሜሪላንዱ፦ ለገና እመጣለሁ። ያኔ ይሁን። ሁሉም ሰው ማሊያ ይልበስ፣ ከኋላው «ዶሮ ማነቂያ» ተብሎ ይጻፍ።

የሪያዱ፦ ይሄ ነው ወሬ! እኔ ባልኖርም ማሊያዬን ላኩልኝ።

ጸሐፊ፦ አናጺው፣ የኮምፔንሳቶውን ዋጋ እየጠበቅን ነው።

ጸሐፊ፦ አናጺው? ከማክሰኞ ጀምሮ ስልክም አያነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦ 40 ማሊያ በ600 ብር 24 ሺህ ነው። ከብረቱ የተረፈው 31,400። ከዚህ ላይ ድንኳንና ኪራይ ሲቀነስ ለሣጥኑ የሚተርፍ ነገር የለም።

የሪያዱ፦ ሣጥኑ ከበዓል በኋላ ይደርሳል። ማሊያው ይቅደም።

እማማ፦ ውድድሩ እዚህ ከሆነ ልጆቹም ያዩታል። የት ነው?

የሜሪላንዱ፦ ፒያሳ ነው የሚያምረው እማማ። ልጆቹን በሚኒባስ እናመጣቸዋለን።

ጸሐፊ፦ ሚኒባሱን ማን ይከፍላል?

ቡናማው፦ የማሊያውን መጠን ላኩ፣ እስከ ዓርብ።

ገንዘብ ያዥ፦ ስምንቱ ብረት እኔ ቤት ነው ያለው። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ኮሪደር ላይ ነው የቆመው። የሚወስድ ሰው ንገሩኝ።