በማሪዮ ጨዋታዎች ኮከብና ሳንቲም መሰብሰብ፦ የጨዋታው አካል ነው ወይስ ማራዘሚያ?

ሰማያዊ ሳንቲም (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ ሳንሻይን የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ እንደገና ስጫወት የመጣብኝን ጥያቄ እዚህ ላቅርብ። በጨዋታው ውስጥ በጠቅላላው 120 የሻይን ምልክቶች (ተጫዋቹ የሚሰበስባቸው ዋና ሽልማቶች) ሲኖሩ፣ ከእነዚህ 24ቱ የሚገኙት በየስፍራው የተበተኑ 240 ሰማያዊ ሳንቲሞችን ለቅሞ አሥር አሥሩን በመለወጥ ነው። ይሁን እንጂ መጨረሻውን ለማየት በሰባቱ ዋና ዋና ቦታዎች ሰባተኛውን ክፍል (ምዕራፍ) ማጠናቀቅ ስለሚበቃ፣ ከሰማያዊዎቹ ሳንቲሞች አንዱንም ሳይነኩ ጨዋታውን መጨረስ ይቻላል። በ1996 በወጣው ሱፐር ማሪዮ 64 ግን በመደበኛው መንገድ የሚሄድ ተጫዋች 70 ኮከብ ሳይዝ ወደ መጨረሻው ፍልሚያ የሚያደርሰውን ደረጃ ወጥቶ አይዘልቀውም። ታዲያ መሰብሰብ የጨዋታው እምብርት የሚሆነው መቼ ነው? ዕድሜ ማራዘሚያ የሚሆነውስ መቼ? ረዘም ያለ መልስ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ኮከብ ቆጣሪ

እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ያለው በብዛቱ ላይ ሳይሆን፣ የሚሰበሰበው ነገር ተጫዋቹን ምን እንዲያደርግ ያስገድደዋል በሚለው ላይ ነው። በማሪዮ 64 ውስጥ 15 ዋና ዋና ዓለማት አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት ኮከብ ይዘዋል፤ የቀሩት 15 ደግሞ በቤተ መንግሥቱ ውስጥና በዙሪያው ተደብቀዋል። በመጀመሪያው ዓለም በብረት ሰንሰለት ከእንጨት ግንድ ጋር የታሰረው ጥርሳም ትልቅ ጥቁር ኳስ ያለበትን ቦታ ያስታውሱ። ከኋላው በብረት አጥር የተዘጋ ኮከብ ይታያል፤ መንገዱ ግን አይታይም። ተጫዋቹ ግንዱን ከላይ ወደ ታች ሦስት ጊዜ ረግጦ ወደ መሬት ሲያስገባው፣ ከእስሩ የተፈታው ኳስ እየዘለለ ሄዶ አጥሩን ይሰብረዋል። ኮከቡ እዚያ ባይቀመጥ ኖሮ ማንም ሰው ያንን አውሬ በሩቁ ሸሽቶ ያልፈው ነበር እንጂ ግንዱን አይመረምርም።

ሌላው ቁም ነገር ኮከብ በተያዘ ቁጥር፣ መቶ ሳንቲም በመሰብሰብ ከሚገኘው ኮከብ በስተቀር፣ ተጫዋቹ ከዓለሙ ተባርሮ ወደ ቤተ መንግሥቱ መመለሱ ነው። ብዙዎች ይህንን እንደ እንቅፋት ያዩታል፤ እኔ ግን ተመልሶ ሲገባ ያው ተራራ በሌላ ዓላማ እንዲወጣ ስለሚያደርገው እወደዋለሁ። በዚህ ላይ ከ120ው 70ው ብቻ ስለሚጠየቅ፣ የጠላነውን ትተን በሌላ ማካካስ እንችላለን። በ8፣ በ30 እና በ50 ኮከብ የሚከፈቱት በሮችም ጉዞውን በየእርከኑ ይከፋፍሉታል።

የድሮ ተጫዋች

ከላይ የተሰጠው መልስ ስለ ኮከብ ትክክል ቢሆንም፣ ነገሩ ከ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ተራ ሳንቲም መጀመር ነበረበት ባይ ነኝ። በዚያ ጨዋታ መቶ ሳንቲም አንድ ተጨማሪ ነፍስ ያስገኛል፤ ዋና ሥራው ግን መንገድ መጠቆም ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ወደ ታች የሚያስገባው ቱቦ 19 ሳንቲም ወዳለበት ከመሬት በታች ወደሚገኝ ክፍል ይወስዳል፤ መውጫውም ደረጃው ሊያልቅ ሲል ነው። ሳንቲም ለማግኘት የገባው ልጅ አቋራጭ መንገድ እንዳለ በዚያው ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ያጋጠመውን ቱቦ ሁሉ ሳይሞክር አያልፍም። በኋለኞቹ ጨዋታዎችም በአየር ላይ እንደ ቀስት ጎብጠው የተደረደሩ ሳንቲሞች ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፉ ያለ አንዲት ቃል ይናገራሉ።

የሰማያዊዎቹ ሳንቲሞች ችግር እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ምንም አይጠቁሙም። አንዱ ግድግዳ ላይ የተሳለ ምልክት በውኃ ሲታጠብ ይወጣል፤ ሌላው በአንድ የተወሰነ ክፍል ብቻ ይገኝና ያ ክፍል ካልተመረጠ የለም። ጨዋታው በየቦታው ስንት እንደተገኘ ይቆጥራል እንጂ የትኛው እንደቀረ አይናገርም፤ ስለዚህ 29 ያገኘ ሰው የቀረችውን አንዲት ለማግኘት ያየውን ቦታ ሁሉ መልሶ ያስሳል። ይህ ፍለጋ ሳይሆን ሒሳብ ማስታረቅ ነው፤ ለእሱስ መሥሪያ ቤት ይበቃኛል።

ባርኔጣ

በ2017 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ኦዲሲ ለዚህ ቅሬታ ምላሽ ይመስለኛል። በኮከብ ፈንታ የሚሰበሰቡት ጨረቃዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ቢሆኑም ለመጨረስ የሚያስፈልጉት 124 ናቸው፤ የቀረውን የሚፈልግ ሰው ደግሞ የጨረቃዎቹን ስም የሚነግረው ወፍና በ50 ሳንቲም ካርታው ላይ ቦታውን የሚያመለክትለት ረዳት አለለት። ተጨማሪ ነፍስ የሚባል ነገርም ስለቀረ፣ የሞተ ሰው 10 ሳንቲም ብቻ ይከፍላል። ብዛቱን ግን አልከላከልለትም፤ ድንጋይ ረግጦ የሚገኝና ከባድ ፈተና አልፎ የሚገኝ ጨረቃ እኩል አንድ ተብሎ ሲቆጠር ድካሙ ዋጋ ያጣል።

ሰማያዊ ሳንቲም (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ሒሳብ ማስታረቅ የተባለው በትክክል የተሰማኝ ነገር ነው። አንድ ላክል፦ በ2010 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ጋላክሲ 2 ተጫዋቹ 120 ኮከብ ከጨረሰ በኋላ በነዚያው ዓለማት ውስጥ ሌላ 120 አረንጓዴ ኮከብ ይበትናል። ይህስ ከየትኛው ወገን ይመደባል?

ኮከብ ቆጣሪ

ከሰማያዊዎቹ ሳንቲሞች ጋር አልደምራቸውም፤ ሲቀርቧቸው የሚሰማ ድምፅ ስላላቸው ጆሮም ይፈልጋል። በዚያ ላይ በርከት ያሉት ባዶ ገደል ላይ ተንጠልጥለው የተቀመጡ ስለሆኑ ዘልሎ ያልደረሰባቸው ተጫዋች ይሞታል። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ወደፊት ብቻ እየተጣደፍን የምናልፈውን ደረጃ ቆመን እንለካዋለን፤ ዝላዩ ከየትኛው ጫፍ ቢጀመር እንደሚደርስም እናሰላለን። እርግጥ 120 ባይሆኑ፣ ግማሹ ይበቃ ነበር።