የባትሪ ምልክት እየበራ አስቸገረኝ፤ ባትሪ ልግዛ ወይስ ዲናሞ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው ቪትዝ 2004 ነው፣ 1300 ሲሲ። ሰሞኑን ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የባትሪ ምልክት አስቸግራኛለች። ቀን ቀን ምንም የለም። ማታ የፊት መብራትና የዝናብ መጥረጊያ አብርቼ መገናኛ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ደብዘዝ ብላ ትበራለች። ነዳጅ ስሰጠው ትጠፋለች። ጠዋት ደግሞ ሞተሩ እየከበደው ነው የሚነሳው። አንድ ጋራዥ ባትሪው ሞቷል አለኝ። ሌላው ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ሙሉውን ቀይሪ አለ። የቱን ልስማ?

መልስ (የቪትዝ ባለቤት)
እህቴ፣ ቀላል ነው። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን አንድ ገመድ ንቀይው። ሞተሩ ከጠፋ ዲናሞው ነው፣ ካልጠፋ ባትሪው ነው። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።

መልስ (የመኪና ኤሌክትሪሺያን፣ አዳማ)
ኧረ በፍጹም እንዳታደርጊው! የአባቱ መኪና ኮምፒውተር አልነበራትም። ሞተር እየሠራ ባትሪ ከተነቀለ የዲናሞው ቮልቴጅ ድንገት ይዘላል። የዲናሞውን ዳዮድ ወይም የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ያኔ ጥያቄሽ ስለ ባትሪ መሆኑ ይቀራል።

ያቺ ምልክት ስሟ የባትሪ ይሁን እንጂ የምትናገረው ባትሪው ቻርጅ እየተደረገ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ ባትሪ ከመግዛትሽ በፊት የቮልት መለኪያ ቴስተር ይዘሽ ለኪ። መኪናው አድሮ ጠዋት ሳይነሳ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ በግማሽ ወርዷል። ከዚያ አስነሺና እንደገና ለኪ። ጤነኛ ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ይሰጣል። ከ13 በታች ከሆነ ቻርጅ አያደርግም ማለት ነው። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል፣ ባትሪውን ያፈላዋል። መጀመሪያ መብራት ሳታበሪ፣ ቀጥሎ አብርተሽ፣ በመጨረሻም ነዳጅ እየሰጠሽ ለኪና ቁጥሮቹን ጻፊልን።

መልስ (ሌላ አባል)
ከሁሉ በፊት ኮፈኑን ክፈቺና ዲናሞውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን እይ። ከላላ ወይም ከተሰነጠቀ ዲናሞው እንደሚገባ አይዞርም፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ይጮኻል። በዚህ ሞተር ላይ ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም ነው የሚያዞረው። ምልክቷ እየነዳሽ ድንገት ደምቃ ከበራችና ሙቀቱ ከጨመረ ቺንጋው ተበጥሷል ማለት ነው። ያኔ ቤት ልድረስ አይባልም፣ ጥግ ይዘሽ አጥፊ። ቺንጋው ደህና ከሆነ ግን ኤሲና ቴፕ አጥፍተሽ ቅርብ ጋራዥ ድረስ መንዳት ይቻላል። መንገድ ላይ ሞተሩን እንዳታጠፊው፣ ላይነሳ ይችላል። መሪውም በኤሌክትሪክ ስለሚታገዝ ቮልቴጁ ሲወርድ ሊከብድሽ ይችላል።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ቺንጋው ደህና ነው፣ አልላላም። የባትሪው ጫፎች ላይ የነበረውን ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገርም በሙቅ ውሃ አጽድቼ አጥብቄዋለሁ። ጠዋት ሳይነሳ 12.2 ነበር። ሞተር ተነስቶ ነዳጅ ሳልሰጠው (ሚኒሞ ላይ) 12.9። የፊት መብራት ሳበራ 12.1። ነዳጅ ስሰጠው 13.8 ይደርሳል፣ ግን ቁጥሩ ይዘላል። እና ደግሞ በቅርቡ ላቫጆ ሞተሩን በፕሬሸር አጥበውልኝ ነበር። ይገናኛል?

መልስ (ኤሌክትሪሺያኑ)
ውሃው ሊያባብሰው ይችላል፣ ሁለተኛ ዲናሞ ላይ ፕሬሸር አታስነኪ። የቁጥሩ መዝለል ግን ካርቦን ያለቀ ይመስለኛል። ካርቦኖቹ ዲናሞው ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። እያጠሩ ሲሄዱ መነካካቱ ይቆራረጣል። በዚህ ዕድሜ ያለ ቪትዝ ላይ የተለመደ ነው። ሙሉ ዲናሞ አትግዢ! ዲናሞው ወርዶ ይከፈት። ካርቦኑ የሚነካው የመዳብ ቀለበት ካልተቦረቦረ ካርቦን ብቻ ይቀየራል፣ ዋጋው ከዲናሞ ጋር አይወዳደርም። እግረ መንገዱንም የሚዞረውን ክፍል የሚሸከመውን ኩሺኔታ በእጅ አዙሮ ይስማው። ከጮኸ አብሮ ይቀየር፣ ሁለቴ የማውረጃ ሒሳብ አትክፈዪ። ዲናሞው ከመነካቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ መነቀሉን በዓይንሽ እይ። ሞተሩ ጠፍቶ ነው ታዲያ።

መልስ (ከሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚገዛ አባል)
ሰልቫጅ (ያገለገለ) ዲናሞ ሊሸጡልሽ ቢሞክሩ እዚያው በማሽን አዙረው ካላሳዩሽ አትውሰጂ። የሰው ያለቀ ካርቦን ነው ገዝተሽ የምትሄጂው።

ጥያቄ (ሌላ አባል)
ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። የእኔ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ያቺው ምልክት በርታለች። ዲናሞ የለው፣ ቺንጋ የለው፣ ምን ልፈትሽ?

መልስ (ኤሌክትሪሺያኑ)
ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ እዚያም አለች። እሷን የሚሞላት ከትልቁ ባትሪ ኃይል ቀንሶ የሚያወርድ መሣሪያ ነው። ትንሿን ባትሪ መለካት ትችላለህ፣ መኪናው በርቶ ከ13 በላይ መሆን አለበት። ብርቱካናማ ገመዶችን ግን እንዳትነካ፣ ሰው ይገድላሉ። ለሠለጠነ ባለሙያ ተወው።

ጠያቂዋ
ተከፈተ። አንዱ ካርቦን ሙልጭ ብሎ አልቋል፣ ቀለበቱ ደህና ነው። ካርቦን ተቀይሮ አሁን መብራት በርቶም 14.1 ነው፣ ምልክቷም ጠፍታለች። ባትሪውንስ ልቀይረው?

መልስ (ኤሌክትሪሺያኑ)
ገና አትቸኩዪ። በቻርጀር ቀስ ብሎ ይሞላ፣ የወረደ ባትሪ መሙላት ለዲናሞ ሸክም ነው። ከዚያ አሳድሪው። ጠዋት 12.5 አካባቢ ካገኘሽና ሞተር ስታስነሺ ከ9.6 በታች ካልወረደ ባትሪሽ በሕይወት አለ። ከወረደ ግዢ። ስትገዢም የተመረተበትን ቀን እይ፣ ሱቅ ውስጥ የከረመ አዲስ ባትሪ አዲስ አይባልም።