በድምፅ አማርኛ ስትጽፉ ስህተቱን እንዴት ነው የምታርሙት? ጥቆማ

የማታ ተማሪዋ፦
ሰላም ቤቶች። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ወል መሬት ነው። ገበሬዎቹን ያነጋገርኩበት የተቀዳ ድምፅ ተከምሮብኛል፤ መተየቡ ደግሞ እጄን ጨረሰው። ስለዚህ በድምፅ መጻፍ ጀመርኩ። ፍጥነቱ ግሩም ነው፣ እርማቱ ግን ፍዳዬን አሳየኝ። «የወል መሬት» ስል «የውል መሬት» ይላል። ሁለቱም ያለ ቃል ነው፣ ስለዚህ ቀይ መስመር የለ፣ ምን የለ፣ ዓይኔም ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስልክ ላይ ጂቦርድ (የጉግል ኪቦርዱ) ይሻላል ወይስ ኮምፒውተር ላይ ጉግል ዶክስ? ከሁሉ በላይ ግን እርማቱን እናንተ እንዴት ነው የምትሠሩት?

ሽቦ አልባው፦
ሁለቱም የጉግል ናቸው። አማርኛ በድምፅ መጻፊያው ውስጥ የገባው በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። ለአጭር መልእክት ስልኩ ይበቃል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን ዶክስ። በክሮም ክፈቺው፣ «ቱልስ» ውስጥ «ቮይስ ታይፒንግ» አለ፣ ቋንቋውን አማርኛ አድርጊው። ሌላ ታብ ከነካሽ ማይኩ ይዘጋል፣ እሱን ብቻ ልብ በይ።

ብሶተኛው፦
በድምፅም ጻፉ በእጅ፣ ብቻ ለኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች አትስጡ! አንዱ ጋ በእጅ የጻፍኩትን ሰጥቼ ሁለት ገጽ ዘሎ መለሰልኝ። ፍላሼን ኮምፒውተር ላይ ስሰካ ደግሞ ፋይሎቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ቫይረስ! ስጠይቀው «ከቤትህ ይዘኸው መጥተህ ይሆናል» አይለኝም? ሒሳቡን ግን ቆጥሮ ነው የተቀበለኝ።

የአራዳ ልጅ፦
ወንድሜ ቤት አላወቅህም ማለት ነው። አራት ኪሎ አንዲት እህት አለችልህ፣ የኔንም የወንድሜንም የጻፈችው እሷ ናት። ሠ እና ሰን ለይታ ነው የምትጽፈው። ስህተት የሚባል ነገር አታውቅም።

ብሶተኛው፦
የኔውም ሰውዬ እንደዚያ ነበር የተወራለት። እስኪ አንድ ገጽ ለጥፍና እንየው።

የአራዳ ልጅ፦
ምን ማየት ያስፈልጋል፣ እኔ እየነገርኩህ!

ፌዘኛ ነኝ፦
እንግዲያው ማይክሮፎኑን ለእሷ ስጧትና እንገላገል 😂

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ለሥራ ድራጎን የሚባለውን በድምፅ መጻፊያ ፕሮግራም ነው የምጠቀመው። ለእርማት ወደር የለውም። «ስክራች ዛት» ስትይው የመጨረሻውን ሐረግ ያጠፋልሻል፤ «ኮሬክት» ብለሽ ቃሉን ስትጠሪ ደግሞ አማራጭ ይደረድርልሻል፣ እጅሽ ኪቦርድ አይነካም።

የማታ ተማሪዋ፦
አመሰግናለሁ፣ አማርኛ ይችላል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
አይ፣ እኔ ለእንግሊዝኛ ነው የምለው።

ፌዘኛ ነኝ፦
ገበሬዎቹን በእንግሊዝኛ ድጋሚ አነጋግሪያቸዋ!

ቃለ ጉባኤ፦
እህቴ፣ እኔ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በድምፅ ነው የምጽፈው፣ የሚሠራልኝን ልንገርሽ። መጀመሪያ የተቀዳውን ድምፅ ከስፒከር ወደ ማይኩ አትልቀቂው፣ የነፋሱም የዶሮውም ድምፅ ይገባና ቃላቱን ያምሰዋል። በኢርፎን እየሰማሽ በራስሽ ድምፅ ድገሚው። አንድ አንድ ቃል እየነጠልሽ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን ሳትቆርጪ፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ቃሉን የሚገምተው ከጎረቤት ቃላቱ ጭምር ነው። እየተናገርሽ አታርሚ። አንድ አንቀጽ ጨርሰሽ ማይኩን ዝጊና ያኔ ተመለሺበት፣ ቅጂው ሳይረሳሽ።

ነጥብ ላይ ደግሞ፣ በድምፅ የሚታዘዙት ሥርዓተ ነጥቦች ዶክስ ውስጥ ለጥቂት ቋንቋዎች ብቻ ናቸው፣ አማርኛ የለበትም። «አራት ነጥብ» ስትዪ ቃሉን ነው የሚጽፈው። ተዪው ይጻፈው! መጨረሻ ላይ ኮንትሮል ኤች ተጫኚ፣ ከፊቱ ካለው ክፍት ቦታ ጋር «አራት ነጥብ»ን ፈልጊና በ«።» ተኪው። ሁሉም ባንዴ ይስተካከላል።

ወል እና ውልን ግን እንደዚያ ባንዴ እንዳትተኪ። የመሬት ጉዳይ ላይ እውነተኛ የኪራይ ውል መኖሩ አይቀርም፣ እሱንም ታበላሺዋለሽ። እኔ ብሆን ጽሑፉ ውስጥ ፈጽሞ የማይመጣ ቃል እመርጣለሁ። ለምሳሌ «የአናናስ መሬት» በይ፣ ከዚያ «የአናናስ»ን ሁሉ በ«የወል» ቀይሪ። ሠ እና ሰ፣ ዓ እና አ መጨረሻ ይሁኑ፤ በጆሮ የማይለይ ስለሆነ እሱን በዓይን ነው የምትለቅሚው።

ፌዘኛ ነኝ፦
አንዷ ካመለጠች ግን አማካሪሽ ወሎ ውስጥ አናናስ ይበቅላል ወይ ብለው መጠየቃቸው ነው። ከምር ግን አሪፍ ዘዴ ነው፣ እኔም ወስጄዋለሁ።

የማታ ተማሪዋ፦
ቃለ ጉባኤ እግዜር ይስጥልኝ! ማይክ ያለው ኢርፎን የትኛው ይሻላል ታዲያ?

የአራዳ ልጅ፦
ኢርፎን መርካቶ ነው፣ ግን ምን ያደክምሻል፣ አራት ኪሎ ውሰጂውና ትጻፍልሽ።

ብሶተኛው፦
ስማ የአራዳ ልጅ፣ ያቺ ልጅ የፓወር ግዕዝን ፊደል ነው የምትጠቀመው ወይስ የትም ኮምፒውተር ላይ የሚነበበውን ዩኒኮድ? የኔ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጥንቆላ ነበር የሚመስለው።

የአራዳ ልጅ፦
የፈለግከውን ትሠራልሃለች።

ብሶተኛው፦
እሁድ ትከፍታለች?