ላይፕሲግ ዋና ባቡር ጣቢያ፣ ሁለት ሰዓት ከእናቴ ጋር

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር አንድ እሁድ ከእናቴ ጋር ከበርሊን በፈጣኑ ባቡር በአይሲኢ ላይፕሲግ እንወርድና ከዚያ ወደ ላይፕሲግ/ሃለ ኤርፖርት እንቀጥላለን። በመሃል ሁለት ሰዓት ያህል አለን። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አይሆንላትም። ሻንጣ የት ይቀመጣል? እሁድ የሚበላ ይገኛል? ደግሞ ፎቶውን ሳየው ሁለት አንድ ዓይነት ትልልቅ መግቢያዎች አሉት፣ ለምንድን ነው?

የላይፕሲግ ነዋሪ፦
እህቴ፣ አታስቢ። ሀዲዱ እዚያው ነው የሚያበቃው፤ ባቡሩ ሲወጣ በመጣበት በኩል ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ከአይሲኢው ወርዳችሁ ያለ አንድ ደረጃ፣ ቀጥ ብላችሁ ትልቁ አዳራሽ ትደርሳላችሁ። የኤርፖርቱ ባቡር ኤስ5 ግን ከምድር በታች ነው፣ እዚያ በሊፍት ውረዱ። ሻንጣችሁን ቁልፍ ባላቸው ሳጥኖች ውስጥ አስቀምጡት፣ የሻንጣና የቁልፍ ምልክት ያለበትን ሰሌዳ ተከተሉ። በጀርመን እሁድ ሱቁ ሁሉ ጥርቅም ነው፣ ጣቢያው ውስጥ ግን ዳቦና ቡናም ሆነ የምግብ ሸቀጥ የሚሸጡ አታጡም። ለእናትሽ ደግሞ የጀርመን ባቡር ድርጅት የዶይቸ ባንን የመንገደኛ እርዳታ ከጉዞው ቀድመሽ አስመዝግቢ፤ ሰው ፉርጎው በር ላይ ጠብቆ እስከሚቀጥለው ባቡር ያደርሳታል፣ ክፍያ የለውም። በነገራችን ላይ ጉዟችሁ ዘግይቶ መድረሻችሁ ላይ 60 ደቂቃ ከሞላ፣ ከቲኬቱ 25 በመቶ ይመለስልሻል፤ 120 ከሞላ ግማሹ።

የሀዲድ ወዳጅ፦
የሁለቱን መግቢያ ነገር እኔ ልመልስ፣ በጣም የምወደው ታሪክ ነው። ላይፕሲግ የሳክሶኒ መንግሥት ከተማ ብትሆንም የፕሩሲያ ድንበር ቅርብ ነበር። ከላይፕሲግ ድሬስደን የሚወስደው መስመር በ1839 እ.ኤ.አ. ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ጣቢያ እየሠራ ከተማዋ በጣቢያ ተሞላች። ሁሉንም አንድ ላይ እናድርግ ሲባል ሁለቱ መንግሥታት አንዱ ለሌላው አልለቅም አለ። እናም ጣቢያው ለሁለት ተከፈለ፤ ምዕራቡ የፕሩሲያ፣ ምሥራቁ የሳክሶኒ። ከ26ቱ መሳፈሪያዎች 13 13 ደረሳቸው። ቲኬት መሸጫው ሁለት፣ መጠበቂያው ሁለት፣ ትልቁ ደረጃም ሁለት። ሎሶቭና ኩነ የተባሉት የድሬስደን አርክቴክቶች ይህን ሁሉ 298 ሜትር በሚረዝም አንድ ፊት አስተሳሰሩት፣ ይሄ ነው እኔን የሚገርመኝ። ሥራው በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሃል አለቀ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ አስተዳደር ሥር የገቡት ግን በ1934 ነው! እና እህቴ፣ በሊፍት ወርዳችሁ በአንደኛው መግቢያ ውጡና ውጭ ውጭውን ሄዳችሁ በሌላው ተመለሱ። መሳፈሪያ 24 ላይም አሮጌ ሎኮሞቲቮች ቆመዋል፣ አንዱ ጥቁር የእንፋሎት ነው፤ እናትሽ ጎኑ ቆማ ፎቶ ትነሣ።

የድሮ ተማሪ፦
እኔ በ1980ዎቹ ሄርደር ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ልማር ስመጣ ላይፕሲግን መጀመሪያ ያየሁት በዚህ ጣቢያ ነው። ያኔ ግንቡ በከሰል ጭስ ጠቁሮ ነበር። በ1944 በቦምብ ጣሪያው ወድቆ፣ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ነው መልሶ ያቆመው፣ ይሄ ሊረሳ አይገባም። የአዳራሹ ወለል ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነበር። ዛሬ መሃሉ ተቆርጦ ሁለት ፎቅ ወደ ታች ሱቅ ሆኗል፣ በ1997 ነው የተከፈተው። ብዙ ሰው ደስ ይለዋል፣ እኔ ግን ያ ሰፊ ወለል ይናፍቀኛል። በ2013 የተከፈተውን የከተማውን ዋሻ ግን ከልቤ ነው የማመሰግነው፤ በእኛ ጊዜ በትራም የምናቋርጠውን መሃል ከተማ ባቡሩ በሥሩ ያልፈዋል።

መንገደኛዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም! አንድ ልጨምር፤ ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው የወር ቲኬት አለን፣ ለሁሉም ይሠራል?

የላይፕሲግ ነዋሪ፦
ለኤስ5 ይሠራል። ለአይሲኢው አይሠራም፣ የራሱን ቲኬት ቁረጡ። ቦታም አብራችሁ ያዙ፣ እሁድ ፉርጎው ጢም ብሎ ነው የሚመጣው።