ጉሊት ገበያ ነው ወይስ አይደለም?

አዲስ ገቢ፦ ድሬዳዋ ተዛውሬ ከመጣሁ ገና ነው። አከራዬ ትናንት ማታ ቲማቲም ይዘው ሲገቡ «ገበያ ውለው መጡ?» አልኳቸው። «ኧረ አቦ! የምን ገበያ? ጉሊት ወጣ ብዬ ነው» አሉኝ። እኔ ጉሊትን የማውቀው የገበያ ዓይነት አድርጌ ነበር። አይደለም እንዴ?

የቀፊራ ልጅ፦ ልክ ናቸው። ገበያ ተነስተህ የምትሄድበት ነው። እዚህ ድሬ ቀፊራ በለው፣ ታይዋን በለው። ጉሊት ደጃፍህ ላይ ነው። ሽንኩርቱም በመደብ እንጂ በኪሎ አይደለም። ደግሞ አንቱታውን ተው፣ ድሬ ነህ።

የቆሎ ተማሪ፦ ወደ ሥሩ እንሂድ። ጎለተ ማለት ተከለ፣ አስቀመጠ ነው። ጉልቻም የመጣው ከዚያው ነው። ሴትየዋ ተጎልታ ስለምትሸጥ ጉሊት ተባለ። ገበያ ደግሞ «ገብአ» ካለው ግስ ነው።

ሰዋስው፦ የመጀመሪያው ይሁን። ሁለተኛውን ከየት አመጣኸው? ኦሮምኛም ገበያን «ገባ» ይላል፣ ማን ከማን ወሰደ? በግዕዝ ገበያ ምሥያጥ ነው። «ቤተ ምሥያጥ» ሲነበብ የት ነበርክ?

የቆሎ ተማሪ፦ እኔ ቅኔ ስቆጥር አንተ ፊደል አልቆጠርክም። ድሮ ለደብር ይሰጥ የነበረውስ መሬት፣ ጉልት? ያም ቦታ ይዞ መቀመጥ ነው።

ሰዋስው፦ ባለጉልት ያስገብር ነበር። የጉሊት ሴት ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸክፋ ትሮጣለች። ባለጉልት ሲሮጥ አይተሃል?

እንግዳ፦ አንድ ነገር ልጨምር። የጉሊቷ ሴት ራሷ «ዛሬ ገበያ የለም» ስትል እንሰማለን። ጉሊት ገበያ ካልሆነ ምኑ ነው የጠፋባት?

የቀፊራ ልጅ፦ ገዢው ነዋ! እዚያ ላይ ገበያ ማለት ቦታው አይደለም።

እንግዳ፦ እንግዲያው ቃሉ ሁለት ነው። ሽያጩ ጉሊት ላይም አለ፣ ቦታው ግን ሌላ ነው። አከራይዋ የካዱት ቦታውን ብቻ ይሆናል።

የቀፊራ ልጅ፦ ማታ መብራት አብርታ ጫት የምትሸጠዋስ? ጠረጴዛ አላት። ጉሊት ናት?

ሰዋስው፦ ጠረጴዛ ካላት አይደለችም። ጉሊት መሬት ነው።

የቆሎ ተማሪ፦ መጎለት ጠረጴዛን አይከለክልም!

የጀጎል ልጅ፦ እናንተ ጉሊት ላይ ተጎለታችሁ ቀራችሁ። በሐረሪ መጋላ ገበያ ነው። ጊዲር መጋላ ትልቁ ገበያ፣ ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ። ዛሬ ፈረስ መጋላ ሄዳችሁ ፈረስ ብትጠይቁ ይስቁባችኋል። በኦሮምኛና በሶማሊኛ ግን መጋላ ከተማ ነው። ድሬ ሲደርስ ደግሞ የሰፈር ስም ሆኖ አረፈው። ይሄን ፍቱልኝ።

አዲስ ገቢ፦ ኧረ የኔ ጥያቄ! ጉሊት ከገበያ ውስጥ ነው ወይስ ከገበያ ውጭ?

የቆሎ ተማሪ፦ ቆይ ወንድሜ፣ ተራ ያዝ። ፈረስ የግዕዝ ነው፣ ይሄ አያከራክርም።

ሰዋስው፦ ዐረቦቹስ በምን ሲጋልቡ ኖሩ?