ክርክር፦ በጥምቀት የተወለደ ክርስቲያን ዘሩ ይቆጠራል?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ቤተ ክርስቲያናችን ምእመናንን «እስራኤል ዘነፍስ» ትላለች፤ ከያዕቆብ በሥጋ ሳይሆን በእምነት የተወለዱ። በሌላ በኩል የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ንጉሡን ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ ከምኒልክ ሳይቋረጥ የመጣ ዘር ብሎ በአንቀጽ ደንግጎ ነበር። እነዚህ ሁለቱ አብረው አይሄዱም እላለሁ። የምትቃወሙ አስረዱኝ።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት፦ የምቃወመው የለኝም። መጥምቁ ዮሐንስ «አብርሃም አባት አለን» ለሚሉት እግዚአብሔር ከድንጋይ ልጆች ሊያስነሣለት እንደሚችል ነግሯቸዋል። በሐዋርያት ሥራ የተጠቀሰውን የእኛን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባም አስቡት። ዘር የማይተካ፣ በትውልዱም እስራኤላዊ ያልሆነ ሰው በጋዛ መንገድ ኢሳይያስ 53ን ያነብ ነበር። ሦስት ምዕራፍ ቢቀጥል «እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ አይበል» የሚለውን ያገኝ ነበር። ፊልጶስ ያጠመቀው የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠይቅ ነው።

የታሪክ አስተማሪ፦ ከራሳችን ታሪክ ልጨምር። የሰሎሞንን ሐረግ የሚተርከው መጽሐፍ ክብረ ነገሥት በመደምደሚያው ላይ የዛጔ ነገሥታትን እስራኤላውያን ያልሆኑ ገዥዎች አድርጎ ይነቅፋቸዋል። በ1270 እ.ኤ.አ. ከሰሎሞን ሐረግ ነው የተባለው ይኩኖ አምላክ በዛጔዎች ፋንታ ሲነግሥም «ዙፋኑ ለባለቤቱ ተመለሰ» ተባለ። ይህችው ቤተ ክርስቲያን ግን የዛጔ ነገሥታቱን ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ላሊበላንና ነአኩቶ ለአብን በቅዱሳን ተራ አስቀምጣ ታከብራለች። ለዙፋን የተጠየቀው ዘር ለቅድስና አልተጠየቀም። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለኛል።

ተቃዋሚ፦ አላለቀም። የማቴዎስ ወንጌል የሚጀምረው በትውልድ ቆጠራ ነው፤ ክርስቶስ ከዳዊት ዘር ካልሆነ ትንቢቱ የት ወደቀ? ጳውሎስም አሕዛብን «በቅርንጫፎች ላይ አትመካ»፣ ማለትም በአይሁድ ላይ፣ ብሎ ያስጠነቀቀው የእስራኤልን ጥሪ የሚሽር ሰው እንደሚነሣ ስላወቀ ነው። በአውሮፓ «እውነተኛው እስራኤል እኛ ነን» ያሉ ክርስቲያኖች አይሁድን ለዘመናት አሳደዋል። «ዘር ከንቱ ነው» የሚለው ስብከት ንጹሕ እጅ የለውም።

መምህርት፦ ማስጠንቀቂያውን እቀበላለሁ፤ በአይሁድ ላይ መመካት ኃጢአት ነው። ነገር ግን በዚያው በማቴዎስ ቆጠራ ውስጥ ከነዓናዊቷ ራኬብና ሞዓባዊቷ ሩት አሉ። ወንጌላዊው ሊደብቃቸው ይችል ነበር፤ በስም ጠራቸው።

ሌላ ተሳታፊ፦ እናንተ ስለ ነገሥታት ታወራላችሁ። እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። በአርባ ቀኔ ተጠምቄአለሁ፤ በቅዳሴ ጊዜ ሰላም የምንለዋወጠው፣ ከአንድ ጽዋ የምንቀበለው አብረን ነው። ከማኅበራችን እህቶች አንዷን ለማግባት ሽማግሌ ስልክ ወላጆቿ «ዘር ማንዘራቸው አይታወቅም» ብለው መለሱልኝ። ለጎረቤት ደግሞ «ከቡዳ ቤት ልጅ አንሰጥም» ብለዋል። እናቴ የሠራችው ምጣድ ግን ዛሬም እነርሱ ቤት እንጀራ ይጋገርበታል።

ተቃዋሚ፦ ያዝናል፤ ሰባት ቤት መቁጠር ግን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መሆኑን አትርሳ።

ሌላ ተሳታፊ፦ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። እኔ የተከለከልሁት ዘመድ ስላልሆንሁ ነው።

ጥያቄ አቅራቢ፦ እንግዲህ ጥያቄዬን ላጥብበው። የሰሎሞንን ሐረግ የሚቆጥር መንግሥት በ1967 ወድቋል፤ ለእርሱ መሟገት ለታሪክ ተመራማሪዎች ይቆይ። ዛሬ ዘር የሚያስቆጥረው የጋብቻ ሽምግልናው ነው፤ ከሽማግሌዎቹ መካከል ደግሞ ብዙ ጊዜ የንስሐ አባት ይኖራል። ሕፃኑን «ከውኃና ከመንፈስ ተወለደ» ብሎ ያጠመቀ ካህን «ቡዳ» የሚለውን ቃል በዚያ ቤት ሲሰማ ዝም ማለት አይገባውም። ካህናት የሆናችሁ ተሳታፊዎች ካላችሁ፣ በእንዲህ ያለ ሽምግልና ላይ ተቀምጣችሁ ምን ብላችሁ ታውቃላችሁ?